በመኪናችን ውስጥ የበራው የዘንዶ ዓይን

ይህ ነገር የደረሰብን ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ነው። እናቴ «ተይው፣ አለፈ» ትለኛለች። አላለፈም። እኔ ላይ አላለፈም። ፊት ለፊቱ ቅዱስ ሥዕል የለጠፈ መኪና መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የምናደደው በሥዕሉ አይደለም፣ በአንድ ሰውዬ ነው። ጽፌው ልገላገል።

የምንኖረው ሱሉልታ ነው። አባቴ ላሞች አሉት። ወተቱን ድሮ በር ድረስ ለሚመጣ ሰብሳቢ ነበር የምንሰጠው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ስቀመጥ መቀመጡን አልቻልኩበትም። መንጃ ፈቃድ አወጣሁና «መኪና ግዛና ወተቱን ራሴ አዲስ አበባ ላድርሰው» እያልኩ አባዬን ነዘነዝኩት። በስተመጨረሻ ጆሮው ደከመው መሰለኝ እሺ አለ። አንዲት አሮጌ የጀርመን መኪና፣ ኋላዋ ሰፊ፣ ለጀሪካን የምትመች፣ ሰበታ ተገኘች።

የሸጠልንን ሰውዬ ስሙን አልጠራም። እዚያ ሰፈር ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚለው፣ እኔም ጋሼ ልበለው። ሽበታም ነው፣ ነጭ ጋቢ ይለብሳል፣ ሲናገር ቀስ ብሎ ነው። አሮጌ መኪና እየገዛ ይሸጣል፣ ግን ማንም ነጋዴ አይለውም። «አባት ሰው» ነው የሚሉት። ግዢው እንዳለቀ ከመቀመጫው ተነሣ፣ እጁን ዘረጋና መረቀን። «መውጫ መግቢያችሁን ይባርክ፣ ጎማችሁ እሾህ አይንካው፣ ከክፉ ቁልቁለት ይሰውራችሁ።» አሜን አልን።

ከዚያ የመኪናዋን በር ከፈተ። ከመሪው ኋላ፣ ፍጥነት የሚያሳየው መስታወት ጥግ ላይ፣ በፕላስቲክ የታሸገች ትንሽ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተለጥፋለች። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከፈረሱ እግር ሥር ዘንዶ። በጣቱ እያሳየን፦

«ይቺን እንዳትነኳት። እኔን ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀኝ እሱ ነው። ያነሣችኋት ቀን ግን…» አለና ሳይጨርሰው ራሱን ነቀነቀ።

እማዬ ጎንበስ ብላ ሥዕሉን ተሳለመች። ምን ልዋሽ፣ እኔም ተሳለምኩ።

ሥራ ጀመርን። እኔ እነዳለሁ፣ እማዬ ከጎኔ ትቀመጣለች። ደንበኞቹን የምታውቃቸው እሷ ናት። የማን ልጅ ታሟል፣ ማን ወተት ይጨምር ይላል፣ ማን አንድ ቀን ዘሎ ይቀበላል፣ ሁሉም እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የምንወጣው ገና ሳይነጋጋ ነው። መንገዳችን ሽቅብ ወደ ጋራው፣ ከዚያ ደግሞ ቁልቁል ወደ አዲሱ ገበያ። ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከፊት የጎጃም ጭነት የያዙ ትልልቅ መኪኖች፣ ከኋላ የሚጣደፍ ሚኒባስ፣ በጎን ደግሞ አህያ።

ሥራ የጀመርን ዕለት፣ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር እማዬ ክንዴን ጨበጠችው።

«ቦንቱ! አየሽው?»

«ምኑን?»

«ዘንዶውን! ዓይኑን!»

እውነቷን ነበር። በጨለማው ውስጥ የዘንዶው ራስ ያለበት ቦታ ቀላ ብሎ ይበራል። ከወረቀቱ ውስጥ ፍም የተቀመጠ ይመስል ነበር። ፀሐይ ስትወጣ አይታይም። በማግስቱም በራ፣ በሦስተኛውም ቀን። እኔ ‹የመስታወቱ መብራት ነው፣ ወረቀቱ ስለሳሳ ነው› ብዬ አለፍኩት። እማዬ ግን አላለፈችውም። «ሰማዕቱ ሲወጋው ነው። ጉዞ ልንጀምር ስንል ጠላታችንን እየወጋልን ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ሲነሣ ሥዕሉን ሳትስም ወጥታ አታውቅም።

ዝም ብትል ጥሩ ነበር። ለጎረቤት ነገረች። ሴቶቹ በማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው እየመጡ «እስቲ አስነሺው» ይሉኛል። አስነሣለሁ። እልል ይላሉ። አንዷ የታመመ ልጇን ይዛ መጥታ ግንባሩን አስነካችው። ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ብቻ ነበር የሚቀልደው፦

«አካም ቡልቴ ቦንቱ፣ እንዴት አደርሽ! እናንተ ቤት ዘንዶውም መብራት አስገባ አሉ። እኛ ቤት እኮ ከትናንት ጀምሮ የለም።»

«ታዲያ ገመድ ይዘው ይምጡና ከሱ ይቀጥሉ» እለዋለሁ። እማዬ ሁለታችንንም ትቆጣናለች።

እየቆየ መኪናዋ ድምፅ አመጣች። ፍሬን ስይዝ ይጮሃል። መጀመሪያ ፉጨት ነገር ነበር፣ ከዚያ ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማው ሆነ፣ ጥርስ የሚያስጨንቅ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። እዚያ ያለው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ባለቤቱን ጥሪው፣ ከሱ ጋር እንነጋገር» አለኝ። «ባለቤቷ እኔ ነኝ» ብለው ሳቀ። ቁልፌን ይዤ ወጣሁ።

ጾሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ያቺን ቁልቁለት እየወረድን ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ድንገት ቆመ። ፍሬኑን ረገጥኩት። ጩኸት ብቻ። መኪናዋ ትሄዳለች። ደግሜ ረገጥኩ፣ ማርሹን ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑንም እየሳብኩ ወደ ዳር አወጣኋት። ጀሪካኖቹ ከኋላ መጥተው ወንበራችንን መቱት። የቆምነው የጭነት መኪናው ኋላ አፍንጫችን ሥር ደርሶ ነው። ወተቱ እግራችን ሥር ይፈሳል። እማዬ ወደ ሥዕሉ ጎነበሰች።

«አየሽ፣ እሱ ባይኖር አልቀን ነበር።»

«ማርሹን የቀነስኩት እኔ ነኝ እማዬ!»

«እሱ ነው ያስቀነሰሽ።»

ምን ይባላል? የቀረውን ወተት በአንደኛ ማርሽ እየዳኸን አደረስን።

ጾም ሲገባ የወተት ገበያ ይተኛል። የሚቀሩን ልጅ ያላቸው ቤቶችና ጥቂት ሌሎች ናቸው፣ እነሱን በሚኒባስ አደርስላቸዋለሁ ብዬ መኪናዋን ግቢ አቆምኳት። ጋራዥ አልሄድም ብያለሁ። ስልኬ ላይ የመኪናዋን ዓይነት ፈልጌ፣ የፍሬን ሸራ እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘሁ። ሰውዬው የሚናገረው ቋንቋ አይገባኝም። እጁን ነው የማየው። አንዱን ነገር ዐሥር ጊዜ እየመለስኩ አየሁት።

ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ሸጎጥኩ። የጎማውን ቡሎኖች መሬት ላይ እያለች ላላ አደረግኳቸው፣ ከዚያ በክሪክ አነሣኋት። በክሪክ ብቻ አላመንኩም፣ ከሥሯ ወፍራም ግንድ አስገባሁ። ጎማውን አወጣሁ። እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ታየኛለች። አባዬ በረቱ በር ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። ኦቦ ገመዳ በአጥሩ አሻግሮ፦

«ቦንቱ፣ ለአማችነት ለሚመጡት ሽማግሌዎች ምን ልበላቸው? እጇ ግሪስ ነው ልበል?»

«ፍሬን የሌለው ባል አልፈልግም ይበሏቸው!»

ሸራዎቹን የሚይዘውን ብረት ፈትቼ ሳወጣ ሳቄ ጠፋ። ሸራ የሚባል ነገር የለም። አልቆ፣ ብረቱ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ እንደ ሞረድ ፍቆታል። ዲስኩ ላይ በጥፍር የሚያዝ ጎድጓዳ መስመር ወጥቷል። እኔና እናቴ በዚህ ላይ ነው ስንወርድ የከረምነው።

ከውስጠኛው ሸራ ደግሞ አንዲት ቀጭን ሽቦ ወጥታለች። ጫፏ ተፍቆ ተበጥሷል። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው ይህንኑ ሽቦ በጣቱ ይዞ ያሳያል። ከዚያ ካሜራው ወደ መሪው ይሄድና አንድ ቀይ መብራት ያሳያል። ቋንቋው ባይገባኝም ይኼ ገባኝ። ሸራው ሲያልቅ ሽቦዋ ትበጠሳለች፣ ሽቦዋ ስትበጠስ መብራቱ ይበራል፣ ‹ቁም፣ ፍሬንህ አልቋል› ይላል ማለት ነው።

እኛ መኪና ላይ እንደዚያ ያለ መብራት አይቼ አላውቅም።

እጄን ሳልታጠብ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ቁልፉን አዞርኩ። ቪዲዮውን አየሁ፣ መስታወቱን አየሁ። ቪዲዮው ላይ መብራቱ የሚበራው በግራ በኩል ከታች ጥጉ ላይ ነው። እኛ መኪና ላይ በግራ በኩል ከታች ጥጉ ላይ ያለው ዘንዶው ነው።

አንገቴን በበሩ አወጣሁ።

«እማዬ፣ ነይ።»

መጣች። ነገርኳት። ሰማችኝና ራሷን ነቀነቀች። «አትንኪው» አለች። አባዬም ከኋላዋ መጥቶ «ዲሲ ኢንታላ ኮ፣ ተይው ልጄ፣ ሰውየው ምን እንዳለ ረሳሽው?» አለ።

አልረሳሁትም። ለዚያ ነው ያነሣሁት። እጄን በልብሴ ጠረግኩ፣ በጥፍሬ ጠርዙን ቀስ ብዬ አላቀቅኩና ሥዕሉን አነሣሁት። ቀይ ክብ መብራት፣ በሁለት ጎኑ ቅንፍ የመሰለ ምልክት ያለው፣ ፍጥጥ ብሎ ያየናል። መቼ እንደ በራ እግዜር ይወቀው። ሲሸጥልን በርቶ ነበር። ሰውዬው ያንን መብራት አይቶ፣ በሰማዕቱ ሸፈነው። ሸፍኖ ደግሞ «እንዳትነኳት» ብሎ መረቀን።

እኔ ጮህኩ። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፣ ጾም ነበር። እማዬ ግን አልጮኸችም። ሥዕሉን ከእጄ ተቀበለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ ወደ መብራቱ እያየች፦

«ታዲያ እኔ ጠዋት ጠዋት ስስመው የከረምኩት ይኼን ነው?» አለች።

ቀጥላም «ልጅ ታቅፋ የመጣችው ሴትዮስ?» አለች። ገብታ በሩን ዘጋች። ያን ቀን ምስሩ በረንዳው ላይ እንዳለ ቀረ።

በማግስቱ አዲስ ሸራ ልገዛ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ሸራው አለ፣ ሽቦው የለም። ሻጩ ሳቀብኝ። «እሷ ሽቦ ለጌጥ ናት እህቴ። ሁሉም ሰው የሚያደርገው፣ መኪናው ላይ የቀረውን ሽቦ ጫፍና ጫፉን ላጥ አድርጎ ይቋጥራል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ አለቀ።»

«መብራቱ ሲጠፋ የተበላው ሸራ ተመልሶ ይበቅላል?»

«አንቺ ደግሞ! መብራቱ ነው ወይስ ሸራው ነው ያስቸገረሽ?»

ይኸው ነው የኛ ነገር። አንዱ በሥዕል ይሸፍናል፣ ሌላው ሽቦ ይቋጥራል፣ ‹አልቋል› የሚል ነገር ብቻ እንዳናይ። ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ሽቦ ያለውን አገኘሁት። ዲስኩንም አብሬ ቀየርኩ፣ ያ የተፋቀው ለምንም አይሆንም ነበር። ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ቀስ እያልኩ ወደ ውስጥ መለስኩት፣ አዲሱን ሸራ አስገባሁ፣ ሽቦዋን ብረት በማይነካት መንገድ አሳልፌ ሶኬቷ ላይ ሰካኋት። ሌላውንም ጎማ እንደዚያው። ከመንቀሳቀሴ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሜ ረገጥኩት። ቁልፉን ሳዞር ቀዩ መብራት ብልጭ አለና ጠፋ። ብቻዬን ነበርኩ። ማንም እልል አላለም።

ሰበታ እንሂድ ስል አባዬ እምቢ አለ። «አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ? ደግሞስ ተርፈናል አይደል?» ይሉኝታ ነው። በዚህ ጊዜ እማዬ ጫማዋን አድርጋ ከክፍሏ ወጣች። ሥዕሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ አድርጋዋለች። «ቦንቱ፣ ውሰጂኝ» አለች።

ከተማውን አቋርጠን፣ በጅማ መንገድ ሰበታ ደረስን። መንገዱን ሙሉ እኔ ለሁለታችንም ስናገር ነበር። ምን እንደምለው፣ እንዴት እንደማዋርደው፣ ሁሉን አዘጋጅቻለሁ።

ግቢው ክፍት ነበር። ስንገባ ጋሼ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ከፊቱ መኪና ሊገዙ የተስማሙ፣ ገና ያልከፈሉ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይመረቃሉ። ከቡራዩ ነው የመጡት፣ በኋላ ነው የነገሩን። አጠገባቸው አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ታጥባ ታበራለች። «…ጎማችሁ እሾህ አይንካው፣ ከክፉ ቁልቁለት ይሰውራችሁ።» ቃል በቃል ያው ነው። እማዬ አሜን አላለችም።

ወደ ነጯ መኪና ሄጄ በመስኮቱ አየሁ። መሪው ፊት፣ መስታወቱ ጥግ ላይ፣ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ወንድሜ» አልኩት ባልየውን፣ «ቁልፉን አዙርና ያቺን ሥዕል አንሣት።»

ሰውዬው ደነገጠ። «ሥዕል እንዴት አድርጌ ነው የማነሣው?» ሚስቱ ሦስት ጊዜ አማተበች። ጋሼ አወቀኝ። ፊቱ ግን አልተለወጠም፣ ይኼ ነው እስካሁን የሚያንጨረጭረኝ።

«ምን ሆነሻል ልጄ? በጾም ሰው ቤት ገብቶ እንዲህ ይደረጋል?»

«የኛም መኪና ላይ እንዲሁ ነበር! የፍሬን መብራት ላይ ለጥፈህብናል! ልንሞት ነበር!»

«ሞታችሁ?» አለኝ ረጋ ብሎ። «አልሞታችሁም። ታዲያ አልጠበቃችሁም?»

የዚያን ጊዜ ድንጋይ እጄ ላይ ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ከሌላ ቦታ ይሆን ነበር። ወጣቶቹ ወዲያና ወዲህ ያዩናል። ሥዕሉን የሚነካ የለም። እኔ ልነካው ብል እብድ ናት ብለው ሊይዙኝ ነው።

እማዬ በሩን ከፈተች። ጫማዋን አውልቃ ነው የገባችው። ጎንበስ ብላ ሥዕሉን ተሳለመች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ጠርዙን በጥፍሯ፣ ልክ እኔ እንዳደረግኩት፣ ቀስ አድርጋ አላቀቀችው። ነጠላዋ ላይ አስቀመጠችውና «ቦንቱ፣ አዙሪው» አለችኝ።

አዞርኩት። አንድ ቢጫ መብራት በራ። ጠበቅን። አልጠፋም። የፍሬን አልነበረም፣ የምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባልየውም አላወቀም። ግን ሚስቱ እጁን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው።

አሁን ጋሼ ጮኸ። «ሥዕል ላይ እጅሽን ሰደድሽ! ከነልጅሽ ድፍረት!»

እማዬ ጫማዋን እያደረገች ነበር። ከግዢው ቀን ጀምሮ አንቱ ስትለው የነበረችው እናቴ ቀና ብላ፦

«ከደበቅሃት ቦታ ነው ያወጣኋት» አለችው። «እኔ እንኳ ሳላውቅ ነው የሳምኩት። አንተ ግን እያወቅህ ነው የለጠፍከው።»

የቡራዩዎቹ ከኛ ጋር አብረው ወጡ። ባልየው «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ አላለም፣ ከማፈሩ የተነሣ። ሚስቱ ግን እማዬን አቅፋ አለቀሰች። ያንን መኪና ትተው ሌላ ይግዙ፣ ወይ ተመልሰው እሱኑ ይግዙ፣ አላውቅም።

ይቅርታ የጠየቀን የለም። ጋሼ ዛሬም ሰበታ ውስጥ አባት ሰው ነው፣ ዛሬም ይመርቃል። እኛ ሰፈር ደግሞ፣ በዚያ ማለዳ እልል ያሉት ሴቶች አንዳንዶቹ ሰላምታ ነሥተውኛል። «ሥዕል የላጠችው» ነው ስሜ። ሰውየው ሲሸፍንበት ኃጢአት ያልሆነ ነገር እኔ ስገልጠው ኃጢአት ሆነ! ኦቦ ገመዳም መቀለዱን ትቶ ‹አንቺ ልጅ ሐቅሽን ነው› አላለኝም፣ «ዘንዶውን አጠፋሽብን» ነው ያለኝ።

እማዬ ሁለቱንም ሥዕሎች ለንስሐ አባቷ ወሰደች። የእመቤታችንን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ሰማዕቱን አስባርካ መልሳ አመጣችውና መኪናዋ ውስጥ ከራሷ መቀመጫ ፊት፣ ምንም መብራት በሌለበት በኩል አደረገችው።

ጾሙ ተፈታ፣ ወተት መልሶ ተፈለገ። አሁንም ሳይነጋጋ ነው የምንወጣው። ቁልፉን ሳዞር መብራቶቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ይበራሉ። እማዬ ከጎኔ አንገቷን አስግጋ አንድ በአንድ ታያቸዋለች።

«ያ ቀዩ ጠፋ?»

«ጠፋ እማዬ።»

«ቢጫውስ?»

«ሁሉም ጠፋ።»

ከዚያ ነው ወደ ሰማዕቱ ዞራ የምታማትበው። ካማተበች በኋላ «በይ ንጂው» ትለኛለች። እሷ ንጂው ሳትለኝ እኔም አልነዳም።